ከብቅሉ እስከ መጨረሻው ውሃ
የጠላ፣ የኮረፌና የአረቄ አያያዝ በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ደግሞ ደባርቅን ያገኛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ማሳ በአብዛኛው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ነው። ወደ ተራሮቹ ከፍ እየተባለ በተሄደ መጠን ግን ሌላው ሰብል እየሳሳ ይሄድና ገብሱ ይበረክታል። ይህ ገብስ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ይሆናል። ከፊሉም ብቅል ሆኖ ወደ ጋን ይገባል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በዚህ አገር ሲዘዋወር መጠጥ ሳይቀርብለት የሚያልፍበት ቀን ጥቂት ነው። በደቦው ኮረፌ፣ በዝክሩ ጠላ፣ በብርዱ ማታ አረቄ ይቀርብለታል። «አፈር ስሆን አንድ ጣሳ» ተብሎ ሲለመን እንቢ ማለት ቤቱን እንደ ማራቅ ይቆጠራል። እኛም ለሥራ ስንመላለስ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበትን ደጅ አይተን ጎራ ያልንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። መጠጡን ወደነዋል፤ የተማርንበትም ጊዜ አለ።

በኤክስቴንሽን ሥራችን ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ብዙ ተናግረናል። እህሉ ጋን ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ግን ዝም ብለናል። ዝምታችን ስሕተት መሆኑን ያስተማረን በደባርቅ ከተማ የገጠመን አንድ ነገር ነው።

በደባርቅ ያጋጠመን

ወሩ ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ሲበረታብን ከአንድ ጠላ ቤት ገባን። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን በጠላ ሽያጭ የሚያሳድጉ እናት ናቸው። እንደ አገሩ ልማድ ከመቅዳታቸው በፊት ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱ። ፊታቸው ተለወጠ። ጣሳውን መልሰው አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ይህንስ ለእናንተ አልሰጥም፤ ሻገተብኝ መሰለኝ» አሉን።

ብቅሉን እንዲያሳዩን ጠየቅናቸው። በክረምቱ መካከል ከገበያ በርካሽ የገዙት ነበር። ከላይ ሲታይ ደኅና ይመስላል። እጃችንን ወደ ከረጢቱ ሥር ስንሰድ ግን የረጠበና የተጓጎለ አገኘን። ጓሉ ሲፈረከስ ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። በዚህ ብቅል የተደፈደፈ ሁለት እንስራ ድፍድፍ ነበራቸው።

ሦስት ነገር ጠየቁን። ጌሾ ቢጨመርበት ይድናል ወይ? አረቄ ቢወጣበትስ? ይህም ካልሆነ ለላሟ ቢሰጥስ? «እትዬ፣ ጌሾው ሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ የሻጋታውን መርዝ አያጠፋውም» አልናቸው። አረቄ ቢወጣበት መርዙ በእንፋሎት አይሻገርም፤ በአተላው ውስጥ ግን ይቀራል። አተላውን ላሚቱ ከበላችው መርዙ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ወተቱን የሚጠጣው ደግሞ ሕፃኑ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ከለከልናቸው።

«እናንተ ሦስቱንም ከለከላችሁኝ፤ የብቅሉን ዋጋስ ማን ይከፍለኛል?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረው ሁለቱንም እንስራ እያየናቸው ደፉት። ለእኒህ እናት ያ ድፍድፍ የወሩ ቀለብ ነበር። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሳችን ነው።

በአካባቢው የሚጠጡ መጠጦች

1. ጠላ፦ በመጀመሪያ የተወቀጠ ጌሾና ጥቂት ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ቂጣው ተቆራርሶ ከብቅሉ ጋር ይጨመርና ይደፈደፋል። የተቆላው እህል ዱቄት እንኩሮ ሆኖ ይታከልበታል። በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይታፈናል። ተራው ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ፣ የተጣራው ከመቶ ከ5 እስከ 6 እጅ አልኮል ይኖረዋል። ሁለተኛ ውሃ የተጨመረበት ቅራሪ ደግሞ ከዚህ ይቀጥናል።

2. ኮረፌ፦ የሰሜን ጎንደር ደጋ መጠጥ ነው። በቅማንት ሕዝብ ዘንድም ከጥንት የታወቀ ነው። ገብሱ ተፈትጎ ያድራል፤ ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከብቅልና ከደረቅ ጌሾ ቅጠል ጋር ተደፍድፎ በሸክላ ዕቃ ለሁለትና ለሦስት ወር ይቀመጣል። መጠጣት ሲፈለግ ከድፍድፉ የሚበቃው ያህል ይወጣል፤ ውሃ ተጨምሮበት አንድ ቀን ያድርና አረፋው ሳይወርድ ይጠጣል። ወፍራም በመሆኑ በእርሻና በአጨዳ ቀን እንደ ምግብም ያገለግላል።

3. አረቄ፦ ድፍድፉ በእሳት ተጥዶ እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ባለ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኝ ነው። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከመቶ 40 እጅ አካባቢ ነው። ዳግም የሚባለው ከዚህ ይበልጣል።

4. ጠጅና ብርዝ፦ ሁለቱም ከማር ይዘጋጃሉ። ብርዝ ጌሾ ያልገባበትና ያልሰከረ በመሆኑ ለልጆችም ይሆናል።

5. ቀሪቦና በሶ፦ ቀሪቦ ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ገብስ ይፈላል፤ ተጣርቶ በስኳርና በጥቂት እርሾ ያድራል። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ የሚቀርብ ነው። በሶ ደግሞ የመንገደኛ ስንቅ ነው። በውሃና በማር ወይም በስኳር ሲበጠበጥ ጥምንም ረኀብንም ያስታግሣል።

ብቅሉ እንዴት ይዘጋጅ

የመጠጡ ጣዕምም ጤናማነቱም የሚወሰነው ከሁሉ አስቀድሞ በብቅሉ ነው። ብቅል ሕይወት ካለው እህል ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ፍሬው ሲያጎነቁል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይል በውስጡ ይፈጠራል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። ያልጎነቆለ ፍሬ ይህ ኃይል የለውም። ይባስ ብሎ ረጥቦ የተኛ የሞተ ፍሬ የሻጋታ ማደሪያ ይሆናል። ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ።

ሀ. አስቀድሞ መሞከር፦ 100 የገብስ ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለልና ከምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። በደባርቅ ብርድ ከአራት እስከ አምስት ቀን ይታገሡት። ከዚያ የጎነቆለው ይቆጠር። 95ና ከዚያ በላይ ከሆነ ለብቅል ጥሩ ነው። ከ90 በታች ከሆነ ለቆሎ፣ ለበሶና ለዱቄት ይዋል፤ ባለቤቱ ምንም አይጎዳም። አዲስ የታጨደ ገብስ ገና ዕረፍት ላይ ስለሚሆን እኩል አይጎነቁልም፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር መቆየት ይገባዋል።

ለ. መንከርና ማጎንቆል፦ ገብሱ ከገለባ፣ ከአፈርና ከተሰበረ ፍሬ ተለይቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ለአንድ ቀን ያህል ሲነከር ውሃው አንድ ሁለት ጊዜ ይለወጥ። ከዚያ ውሃው ተጠፍቶ በሥሡ ተደርጎ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ጆንያ ይሸፈን። በየቀኑ ይገላበጥ። ወፍራም ክምር ከውስጡ ይግልና ይሻግታል።

ሐ. ማድረቅ፦ ብቅሉ በመሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ፣ ከአራት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ይሰጣ። ማታ ማታ ይግባ። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ከለመጠ አልደረቀም። በዚህ አገር ለብቅል የተመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወራት ነው። የክረምቱ ብቅል በእነዚህ ወራት ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ በነሐሴ የሻገተ ለመግዛት የሚገደድ አይኖርም።

መ. ማስቀመጥ፦ ከረጢቱ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ባለበት መጋዘን አይቀመጥ።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ከዘር የተረፈ፣ በመድኃኒት የታሸና ቀለም የተቀባ ገብስ ለብቅል መዋል የለበትም። ቢታጠብ፣ ቢቆላ ወይም ቢፈላ መድኃኒቱ አይለቅም። እንዲህ ያለ ትርፍ ዘር ሳይሸጥና ሳይፈጭ ለሚቀጥለው ዘመን መዘራት ወይም ለሰጠው ክፍል መመለስ አለበት።

የቢራ ገብስ የሚያመርቱ ማኅበራትም ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። በጎንደር የዳሽን ቢራ ፋብሪካ ከተቋቋመበት ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ የቢራ ገብስ ለአካባቢው ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የብቅል ፋብሪካዎች ፍሬው የወፈረና እኩል የሆነ፣ ፕሮቲኑም ከመቶ ከ9 እስከ 12 እጅ የሆነ ገብስ ይፈልጋሉ። በፍሬ መቅጠን ወይም በፕሮቲን መብዛት የተመለሰ ገብስ የመጎንቆል ፈተናውን ካለፈ ለቤት ብቅል ይሆናል። በእርጥበት ወይም በሻጋታ የተመለሰው ግን ወደ ቤትም መግባት የለበትም።

ጌሾና ዕቃ

ጌሾ መራራነትን ይሰጣል፤ መጠጡን የሚያበላሹ አንዳንድ ተዋህስያንንም ይገታል። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ በንጹሕ ቦታ ይቀመጥ። ጌሾ በዚህ ከፍታ በጓሮ ሊበቅል ስለሚችል ከቤቱ አጠገብ ጥቂት እግር መትከል የገበያ ወጪ ይቀንሳል።

ጋንና እንስራን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን እናቶቻችን ያቆዩልን ጥሩ ሥራ ነው። አዲሱ ችግር የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ነው። የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መድኃኒት ባከፋፈለ ቁጥር ባዶውን ዕቃ ቆጥሮ ይረከብ፤ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ እስኪሆን ድረስ ከእጁ አይውጣ።

የመጨረሻው ውሃ

ብቅሉ ጥሩ፣ ጋኑም ንጹሕ ሆኖ መጠጡ በመጨረሻው ሰዓት ሊበላሽ ይችላል። ድፍድፉ ሲፈላ እየኮመጠጠ ስለሚሄድ ብዙ የበሽታ ተዋህስያን አይስማማቸውም። ነገር ግን ጠላ ሊቀዳ ሲል «ወፈረ» ተብሎ የወንዝ ውሃ ሲጨመርበት፣ ኮረፌም በጥሬ ውሃ ሲበጠበጥ፣ መጠጡ ቀጥኖ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ አዲስ ተዋህስያንም አብረው ይገባሉ። በጠላ ውስጥ ያለው ጥቂት አልኮል ቆሻሻ ውሃን ያጸዳል ማለት ስሕተት ነው።

ስለዚህ ድፍድፍ የሚቀጥንበት ውሃ አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ተዋህስያንን ለመግደል ይበቃል። ሆኖም ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። ለማገዶ ቁጠባ ሲባል ምጣዱ ወይም ምድጃው ሳይቀዘቅዝ ውሃውን መጣድ ይቻላል። የፈላው ውሃ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚቀዳበት ጣሳም በእጅ አይነከር። የመጠጫው ጣሳ በአንድ ሳፋ ውሃ ብቻ እየተለቀለቀ ለሃያ ሰው መዞሩ መቅረት አለበት።

ስለ አረቄ

አረቄ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከንጹሕ እህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ ሜታኖል የተባለው መርዘኛ አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን መድፋት መልካም ልማድ ነው፤ ሜታኖልን ግን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። ትልቁ አደጋ ምንጩ ያልታወቀ የፋብሪካ አልኮል ለማብዛት ሲጨመር ነው። ይህ በዓይን፣ በሽታም በምላስም አይለይም። ስለዚህ ከማያውቁት ሰው የተገዛ፣ ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰ አረቄ አይጠጣ። ከጠጡ በኋላ በሰዓታት ወይም በማግስቱ ዓይን ከደበዘዘ፣ ራስ ከፈለጠና ትውከት ከያዘ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። «ስካር ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል» ማለት ዓይንን፣ አልፎም ሕይወትን ያሳጣል።

ለመንገደኛ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ጀምሮ ደባርቅ የብዙ እንግዶች መነሻ ሆናለች። ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚወጣ ሰው ከ3,200 ሜትር በላይ ያድራል፤ ሌሊቱም ብርቱ ነው። ብዙ ሰው ብርዱን በአረቄ እቋቋማለሁ ይላል። አረቄ ግን ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ለጊዜው የሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። በከፍታ ላይ ራስ የሚያዞረው ሰው ስካሩና የከፍታው ሕመም ስለሚምታቱበት እርዳታ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ለዚህ መንገድ የሚሻለው ትኩስ ሻይና በፈላ ውሃ የተበጠበጠ በሶ ነው። ጠላውና ኮረፌው ከተራራው ሲወረድ፣ ከእሳት ዳር፣ ከምግብ ጋር ቢሆን ይጣፍጣል።

ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በ1930ዎቹ በኢጣሊያኖች የተጠረበ፣ ከጥምዝ ወደ ጥምዝ የሚሄድ ቁልቁለት ነው። በዚህ መንገድ የሚነዳ ሰው አንድ መለኪያም ሊቀምስ አይገባውም። ለሹፌሩ ቀሪቦ መቅዳት ንፉግነት አይደለም።

በየቤቱ የሚጋበዝ ሠራተኛ ባለቤቲቱን ሳያስቀይም ራሱን መጠበቅ ይችላል። ጥቂት ተቀብሎ ማመስገን፣ ምግብ ቀምሶ መጠጣት፣ ውሃው ከየት እንደ ተቀዳ በጨዋታ መካከል መጠየቅ ነውር የለውም። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ግን ጠላም ሆነ ኮረፌ ባይሰጥ ይመረጣል።

አተላው

ጥሩ ብቅል ጥሩ አተላ ይሰጣል። አተላ ፕሮቲን ስላለው ለሚታለብ ላምና ለሚደልብ በሬ ጠቃሚ መኖ ነው። ትኩሱ ቀዝቅዞ፣ ከጭድ ወይም ከድርቆሽ ጋር፣ በጥቂት ጀምሮ እየተጨመረ ይሰጥ። ብዙ ቀን የቆየና የሻገተ አተላ አይሰጥ። ከሻገተ ብቅል የተገኘ አተላ ደግሞ ከላይ በተገለጸው ምክንያት ለከብትም መሰጠት የለበትም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ያድርጉ

1. በደረቁ ወራት የመጎንቆል ፈተና ያለፈ ገብስ ከአባሎቻቸው ገዝተው ብቅል ያዘጋጁ ወይም ያሠሩ፤ ለክረምቱም ያከማቹ።

2. ብቅል ሲገዙም ሲሸጡም ከከረጢቱ አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉና ከሥሩ ናሙና አውጥተው ያሽትቱ፣ ይንከሱ፣ ይፈርክሱ።

3. ከብቅሉ ሽያጭ ጥቂት መጠባበቂያ ይያዙ። ከማኅበሩ የገዛው ብቅል ሻግቶ የተገኘበት ሰው አምጥቶ በደኅናው ይለውጥ። የሻገተው እዚያው ይቀበር። ባለጠላዋ የማትከስር ከሆነ የሻገተውን አትደብቀውም።

4. ጠላ ለሚሸጡ ሴቶች ክዳንና ቧንቧ ያለው የፈላ ውሃ ማስቀመጫ በዱቤ ይስጡ።

5. የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር፣ የ100 ፍሬውን ፈተና በአደባባይ ያሳይ። ይህን ትምህርት ለወንዶች ስብሰባ ብቻ መናገር ከንቱ ነው፤ ጋኑን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸውና እነርሱ ይጠሩ።

ማጠቃለያ

የአገራችን ገብስ በዓይነቱ ብዛት የታወቀ ነው። ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ያጠናው አንዱ ሰብል ገብስ ነው። ይህን እህል ጠላና ኮረፌ የማድረግ ጥበብም የእናቶቻችን ሀብት ነው። እኛ የምንጨምርበት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የሚገባው ብቅል ከሻጋታና ከመድኃኒት የጸዳ ይሁን፣ መጨረሻ የሚጨመረው ውሃም የፈላ ይሁን።

እኒያ የደባርቅ እናት ለእንግዳ ከመቅዳታቸው በፊት በመዳፋቸው መቅመሳቸው እኛን ከሕመም አዳነን፤ እርሳቸው ግን ከኪሳራ አልዳኑም፤ ቅምሻው የመጣው ብቅሉ ከተገዛና ድፍድፉ ከተደፈደፈ በኋላ ነበርና። ማኅበሩ ብቅሉን በኅዳር ከቀመሰው በነሐሴ የሚደፋ እንስራ አይኖርም።